ከፋርማሲው በር አጠገብ ያለው ቦታ

ሊቀመንበሩ መኪናውን የገዛው ለመንዳት ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የኋላውን ብቻ የሰሙ ሰዎች ለጌጥ የገዛው ስለሚመስላቸው ነው።

እኔና እሱ አንድ መጋረጃ ቤት ነው የምንሠራው፤ እሱ ጨርቅ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። «ሊቀመንበር» የሚለው ስም የወጣለት፣ ወደዚህ ከተማ በመጣን ሰሞን የአገራችን ልጆች ተሰብስበን የመረዳጃ ማኅበር ስናቋቁም መሪ አድርገን ስለመረጥነው ነው። የመረጥነው ለአንድ ዓመት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ምርጫ ለማካሄድ ሁኔታው አልተመቻቸም አለ፤ በሚቀጥለውም ዓመት አልተመቻቸም። አባላቱ አንድ በአንድ እየቀሩ ሄደው እሱና ማኅተሙ ብቻ ቀሩ። ማኅተሙ አሁንም ቤቱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሲቸግርህ ይደርስልሃል፤ ሲደርስልህ ግን ንግግር ያደርጋል።

መኪናው ረጅም ነው። ሚስቱ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ ትንሽ መኪና እንግዛ ብላው ነበር።

«ትንሽ መኪና ገዝተን ሰው ምን ይለናል?» አላት።

ሰው ምንም አላለም። ሰው የራሱን መኪና የሚያቆምበት ሲፈልግ የእነሱን ለማየት ጊዜ አልነበረውም።

የሚኖሩበት መንገድ መኪና ከመፈጠሩ በፊት የተሠራ ነው። ግራና ቀኙ ፎቅ፣ ከፎቁ ሥር ሱቅ፣ ከሱቁ ፊት የቆመ መኪና፣ ከቆመው መኪና ጎን ደግሞ ቦታ ያጣ መኪና። ጋራዥ ያለው ቤት የለም። በየምሰሶው ላይ ምልክት በምልክት ላይ ተሰቅሏል፤ የላይኛው ማቆም ይቻላል ይላል፣ መካከለኛው ነዋሪ ብቻ ይላል፣ የታችኛው ደግሞ የመንገድ ጠራጊው መኪና በሚመጣበት ቀን ነዋሪም ቢሆን አይቻልም ይላል። ሊቀመንበሩ ሁሉንም አንብቦ፣ አገናዝቦ፣ ወስኖ እስኪጨርስ የተፈቀደው ሰዓት ያልፍበታል። መጀመሪያ ሰሞን የቅጣት ወረቀት ከመስተዋቱ ላይ እንደ ጎመን ሲቀነጥስ ነው የከረመው።

ከሥራ ስንወጣ ይዞኝ ይመጣ ነበር፤ ቤቴ ከእነሱ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ነው። ሠፈር እስክንደርስ ያወራል፣ ይስቃል። ሠፈር ስንገባ ሬዲዮውን ይዘጋና አንገቱን ያስረዝማል። ከዚያ መዞር እንጀምራለን። ባለቤቱ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆማ በስልክ ትመራዋለች።

«ከጫማ ሠሪው ፊት አንዱ መብራት አበራ» ትለዋለች።

«ወጣ?»

«አልወጣም፤ ቁጭ ብሎ ስልኩን እያየ ነው።»

«ይወጣል ግን?»

«እኔ ምን አውቄ? ወርጄ ልጠይቀው?»

ወርዳ የጠየቀችበትም ቀን አለ። እኔ የተወሰነ ዙር አብሬው ዞሬ «በል እዚህ ጣለኝ» እለዋለሁ። አንድ ምሽት ቤቴ ገብቼ፣ እራቴን ሠርቼ እየበላሁ ሳለ በመስኮት ሲያልፍ አየሁት። ሳህኔን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ክላክሱን ነፋብኝ።

በኋላማ ቁልፍ በእጁ የያዘ ሰው ካየ በእርምጃ ይከተለው ጀመር። አንዲት ሴትዮ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ቤቷ ስትሄድ ይህ ረጅም መኪና ከኋላዋ እየተንፏቀቀ መጣ። ስትፈጥን ይፈጥናል፣ ስትቆም ይቆማል። መጨረሻ ላይ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በትሕትና «እመቤት፣ ሊወጡ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ መኪና የላትም፤ ቁልፉ የቤቷ ነበር። ፖሊስ ግን ጠርታ ኖሯል። ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሮ ሲያስረዳው ፖሊሱ በሐዘኔታ አዳመጠው፤ እሱም ሲመጣ ማቆሚያ አጥቶ መኪናውን መሃል መንገድ ላይ ትቶ ነበር የወረደው።

በዚያ መንገድ ላይ እንከን የሌለበት አንድ ቦታ ነበር፤ ከፋርማሲው በርና ከአንድ ትልቅ ዛፍ መካከል። ዛፉ ወደ መንገዱ ስለዘመመ ጠራጊው መኪና አይደርስበትም፤ ስለዚህ ምልክቱም አይመለከተውም። የተከለከለ ቀን የለው፣ የተከለከለ ሰዓት የለው። ይዘውት የኖሩት ምድር ቤት ያሉ፣ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ነበሩ። ትንሿ መኪናቸው ቅጠል ለብሳ እዚያው ውላ እዚያው ታድራለች። ሊቀመንበሩ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር «ይሄ ራስ ወዳድነት ነው» ይል ነበር።

አስተማሪዋ ልጃቸው ዘንድ፣ ሌላ ከተማ ሊሄዱ መሆኑ ሲሰማ ሊቀመንበሩ ሌላ ሰው ሆነ። ካርቶን ያሽጋል፣ መጋረጃ ያወርዳል፣ ፒያኖውን ከሚያወጡት ሰዎች ጋር ትከሻውን ያውሳል። ጎረቤቱ «ለካ እንዲህ ያለም ሰው አለ» አለ። እሱ የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚነሡበትን ሰዓት። በዕለቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ከኋላቸው ቆመ። ሴትዮዋ በስፖኪዮ ሲያዩት ሊሰናበታቸው የመጣ መሰላቸው። እንባቸው እየወረደ ወርደው መጡና በመስኮት ጎንበስ ብለው ጉንጩን ሳሙት።

«እንዳንተ ያለ ጎረቤት ከእንግዲህ አላገኝም» አሉት።

«መንገድ እንዳይጨናነቅብዎ በጊዜ ይነሡ» አላቸው።

ገና ከመታጠፊያው ሳይደርሱ እሱ ገብቶ ሞተሩን አጥፍቶ ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘሁት። ቦርሳውን አንግቶ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሟል።

«መኪናው ምን ሆነ?» አልኩት።

«ምንም። ቆሟል።»

«ታዲያ ለምን በእሱ አንሄድም?»

ነገር እንደማይገባው ሰው አየኝ። «ይዘነው ወጣን እንበል። ስንመለስ የት ልናቆመው ነው?»

ከኋላው ተሰለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ መኪናው ንቅንቅ አላለም። ሊቀመንበሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥበዋል፤ ከቦታው የማይነሣ መኪና ያን ሁሉ አቧራ ከየት እንደሚያመጣው እንጃ። ከሥራ መልስ ወርዶ ውስጡ ይቀመጣል። ጋዜጣ ያነባል፣ ስልክ ያወራል፣ እንግዳም እዚያው ይቀበላል። አንድ ቀን «ና ግባ፣ እንጫወት» አለኝና ገባሁ።

«ቀበቶህን እሰር» አለኝ።

አሰርኩ። እሱም የራሱን አስሮ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ፊት ለፊቱን እያየ የከተማውን አስተዳደር ድክመት ሲያስረዳኝ አመሸ። ሲበቃኝ መሄዴ ነው አልኩት።

«እዚሁ ልጣልህ?» አለኝ። እየቀለደ ይሁን የምሩን ከፊቱ ማወቅ አልቻልኩም።

ከሁሉ ደስ የሚለው ግን ሌላ ነበር። ቦታ ያጣ ሹፌር ሁሉ እሱን መሪ ይዞ ተቀምጦ ሲያየው ሊወጣ ይመስለዋል፤ ይቆምና በጣቱ «ትወጣለህ?» ይለዋል። ሊቀመንበሩ ወዲያው አይመልስም። መጀመሪያ ሰዓቱን ያያል፣ ከዚያ ስፖኪዮውን ያያል፣ ሰውዬው ተስፋ ሲያደርግ ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ በእምቢታ ይነቀንቃል። ባለቤቱ በዝናብ፣ ጃንጥላዋ ተገልብጦ፣ ከአንድ አዛውንት ቤት ወደ ሌላው በአውቶቡስ ስትንከራተት እሱ እዚያ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። አድርሰኝ ብላ ለምናው ነበር። ቦታው ይያዛል አላት። መልሳ አልጠየቀችውም፤ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ጀመረች።

አልደበቀችውም። «መኪና እየተማርኩ ነው» ስትለው «በርቺ» ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ። አንድ ቀን እኔ ከፋርማሲው መድኃኒት ገዝቼ ስወጣ የመንጃ ፈቃድ ተማሪዎች መኪና መጥታ ከሊቀመንበሩ ጎን ቆመች። አስተማሪው መስኮቱን ከፈተና «ጌታዬ፣ የሚወጡ ከሆነ ተማሪዬ መግባት ትለማመድበት» አለው። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ፣ ስፖኪዮውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። መሪውን የያዘችው ሚስቱ ነበረች። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። እሷም ፍሬቻ አብርታ ሄደች።

ፈቃዷን ባገኘች በሳምንቱ እናቷ ሊጠይቋት ከአገር ቤት መጡ። የመኪናው ፎቶ ቀደም ብሎ ተልኮላቸው ኖሮ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይተውታል፤ ለመንገድ ጥሩ ልብሳቸውን የለበሱትም መኪናው ውስጥ ለሚቀመጡበት ነበር። አውሮፕላን ጣቢያ የተቀበሏቸው ግን በባቡር ሄደው ነው። አንድ ባቡር፣ ከዚያ ሌላ ባቡር፣ ከዚያ የማይሠራ አሳንሰርና ደረጃ። እኔም ሻንጣ ልሸከም ተጠርቼ ነበር። ሴትዮዋ በየደረጃው እየቆሙ ጉልበታቸውን ያሻሉ እንጂ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሠፈር ስንደርስ ከፋርማሲው አጠገብ መኪናውን አዩት። ታጥቦ ያብረቀርቃል። ዙሪያውን ዞሩት፤ ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«በፎቶ የላካችሁልኝ ይሄ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው፣ እማዬ» አለ አማቻቸው በኩራት።

«ታሟል?»

«ኧረ ደኅና ነው። ሞተሩ አዲስ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልመጣም?»

«ቦታው ይያዝብናላ፣ እማዬ። እዚህ አገር ቦታ ማለት…» ብሎ ንግግሩን ጀመረ። ሴትዮዋ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው እስኪጨርስ አዳመጡት።

«ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲያው መኪናውን ሸጣችሁ ቦታውን ብቻ ብታስቀሩት ይቀላችሁ ነበር።»

ልጃቸው ፊቷን ወደ ፋርማሲው መስኮት አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ያ ደረጃ የዋዛ አልነበረም፤ የሴትዮዋ ጉልበት በማግስቱ አበጠ። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ተያዘላቸው። ሊቀመንበሩ ወጪው የእኔ ነው ብሎ ታክሲ ጠራ። ታክሲው ሲመጣ መግቢያ አጥቶ መሃል መንገድ ላይ ቆመ፤ ከኋላው ያሉት ክላክሳቸውን አቀለጡት። ሴትዮዋ በሁለት ሰው ተደግፈው፣ በራሳቸው አማች መኪናና በዛፉ መካከል በጎን እየተሽሎከሎኩ ወጡ።

«ይሄ መኪና ትንሽ ወደፊት ቢጠጋ እኮ እገባ ነበር» አለ የታክሲው ሹፌር። «የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

«የሆነ ሰው ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

እናትና ልጅ ከታክሲው ውስጥ አዩት። አስተያየታቸው አንድ ዓይነት ነበር።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ታክሲ አልተጠራም። እሱ ሥራ ሲሄድ ባለቤቱ ቁልፉን ከግድግዳው ምስማር ላይ አንሥታ እናቷን ይዛ ወረደች። መኪናው አልነሣ አለ፤ ባትሪው ከቆመ ብዛት ሞቷል። ፋርማሲስቱ ጎማውም ጎደሎ መሆኑን አይቶ ጫማ ሠሪውን ጠራው፤ ጫማ ሠሪው መኪናውን አምጥቶ በኬብል አስነሣላት፣ ጎማውን ፋርማሲስቱ ነፋላት። ሁለቱም በደስታ ነው የረዷት፤ ያን ቦታ ባዶ ለማየት ስንት ጊዜ እንደተመኙ ኋላ ነው የነገሩኝ።

በዚያን ቀን ከሥራ አብረን ስንመለስ ሊቀመንበሩ እንደ ልማዱ ከእኔ ቀድሞ መታጠፊያውን ዞረና ድርቅ አለ። ከፋርማሲው በር አጠገብ አንዲት ቀይ መኪና ቆማለች።

«ቦታዬ» አለ።

መኪናዬ አላለም። ሌባ ይሁን፣ እሳት ይሁን፣ መኪና ጎታች ይሁን፣ መኪናው የት ገባ የሚለው ሐሳብ የመጣለት ቆይቶ ነው። ፋርማሲው ውስጥ ዘሎ ገባ። ፋርማሲስቱ ለደንበኛ መድኃኒት እየቆጠረ ነበር።

«ባለቤትዎ ናቸው ይዘውት የወጡት» አለው። «እናታቸው ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ አምሮባቸዋል።»

«እና ዝም ብለህ አየሃቸው?»

«ጎማ ስነፋላቸው ነበር» አለ ፋርማሲስቱ።

ገና ስንወጣ ረጅሙ መኪና ከመታጠፊያው ብቅ አለ። መስኮቱ ተከፍቷል፤ አሮጊቷ ክርናቸውን አውጥተው የመንገዱን ሰው ያያሉ። ሊቀመንበሩ መንገድ ገብቶ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«የት ነበራችሁ?»

«ሐኪም ቤት» አለች ሚስቱ። «ከዚያ ድልድዩን አሻግሬ ወንዙን አሳየኋት።»

«ቦታው እኮ ሄደ።»

«አይቻለሁ። ሌላ እንፈልጋለን።»

«ሌላ ከየት ይመጣል?»

ከኋላ ክላክስ ተጀመረ። አሮጊቷ በመስኮቱ ጎንበስ አሉና «ልጄ፣ ሰው አታስጠብቅ፤ ከኋላ ግባ» አሉት። ገባ። ምን እንደሚሆን ማየት ፈልጌ እኔም ገባሁ።

ዞርን። ሊቀመንበሩ ከኋላ ወንበር አንገቱን በሁለቱ ሴቶች መሃል አስገብቶ «በግራ፣ በግራ… ያቺ ሴትዮ ቁልፍ ይዛለች፣ ቀስ በይ… ያ ሰውዬ ሊወጣ ነው መሰለኝ» ይላል። ሚስቱ አልሰማችውም። ዳገቱን ወጥታ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጠበብ ያለ ክፍተት አገኘችና በኋላ ማርሽ አንድ ጊዜ ገብታ ቆመች። እሱ ወርዶ ጎማውና ጠርዙ መሃል ያለውን ርቀት በጫማው ለካ። ነቀፌታ ፈልጎ ያጣ ሰው ፊት ነበረው።

«ከቤት በጣም ይርቃል» አለ በመጨረሻ።

«እኔ በየቀኑ ከዚህ የበለጠ እሄዳለሁ» አለች ሚስቱ፤ ቦርሳዋን አንግታ ቁልቁለቱን ጀመረች። አሮጊቷ የእሱን ክንድ ይዘው ከኋላ ተከተሉ። እሱ ስለ ቀይዋ መኪና ሲያወራ እሳቸው ያንን ወንዝ ዓሣ ይገኝበት እንደሆነ ይጠይቁት ነበር።

ከዚያ በኋላ መኪናው የእሷ ሆነ፤ ማንም አልሰጣትም፣ ማንም አልከለከላትም። ጠዋት ይዛው ወጥታ አዛውንቶቿን ስታዳርስ ትውላለች፣ ማታ ያገኘችበት ታቆመዋለች። ቀይዋ መኪና የአንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም ነበረች፤ ሰውዬው ወደ ሥራው በእግሩ ስለሚሄድ አያንቀሳቅሳትም። ሊቀመንበሩ ተቃጠለ። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ማመልከቻ ይዞ መጣ፤ የሕዝብን ቦታ ይዘው የማይለቁ ግለሰቦች ላይ የከተማው አስተዳደር እርምጃ እንዲወስድ የሚጠይቅ ነው። ከግርጌው የማኅበራችን ማኅተም አርፎበታል። ፊርማ ሲያሰባስብ እኔ ጋ ደረሰ። መርፌው ክር ጨርሶብኛል ብዬ ጎንበስ አልኩ።

አሮጊቷ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀን ደረሰ። በዚህ ጊዜ በመኪና ነው። ሻንጣውን አውርደን፣ መኪናውን መሃል መንገድ አቁመን ስንጭን፣ የጥርስ ሐኪሙ ቁልፉን እያሽከረከረ መጣና ቀይዋን መኪና አስነሥቶ ወጣ። ቦታው ባዶ ሆነ። ሊቀመንበሩ የያዘውን ሻንጣ እኔ እጅ ላይ ጣለና ሄዶ መሃሉ ላይ ቆመ።

«እናንተ ሂዱ» አለ። «እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ሚስቱ አየችው። «እናቴን አትሸኝም?»

«እማዬ ይረዱኛል።»

አሮጊቷ እያነከሱ ሄደው እዚያው የቆመበት ሳሙት። እሱ አቅፎ ሲስማቸው እንኳ አንድ እጁ ወደ መንገዱ ተዘርግቶ ነበር፤ የሆነ መኪና ፍሬቻ አብርቶ ይጠጋው ጀምሯል።

«ዝናብ ከመጣ ጥላ ስር ሁን» አሉት። ከዚያ ወደ መኪናው ተመለሱ።

በእሱ ፈንታ እኔ ሸኘኋቸው። ስንመለስ ረፋዱ አልፎ ከሰዓት ሆኗል። ሊቀመንበሩ እዚያው ነው፤ ከአንድ ዕቃ አመላላሽ ሹፌር ጋር ተጨቃጭቆ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ሲያየን ሁለት እጁን እያውለበለበ መንገድ ከፈተልን። ሚስቱ መሪውን አልጠመዘዘችም። ወደ እኔ ዞራ «አትቸኩልም አይደል?» አለችኝ። አልቸኩልም አልኳት። በአጠገቡ አልፈን ድልድዩ ድረስ ሄድን፣ ወንዙ ዳር ቆመን ትንሽ አየን፣ ከዚያ ተመለስን። ያኔም አልለቀቀም ነበር። ገባችለት። «ቀስ፣ ቀስ፣ በቃ፣ በቃ» ይላል ከኋላ፤ ድምፁ ዘግቷል።

በማግስቱ ጠዋት ግን ሥራዋ ከከተማው ጫፍ ነበርና በጊዜ ተነሥታ መኪናውን ይዛ ወጣች። እሱ ሞተር ሲነሣ ሰምቶ በቢጃማ ደረጃውን እየዘለለ ሲወርድ ጫማ ሠሪው ቦታው ላይ ገብቶ የመኪናውን በር እየቆለፈ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ከገበያው ማዶ ስንደርስ በክርኑ ጎሰመኝና በመስኮቱ አሳየኝ። «ተመልከት» አለኝ፤ ዓይኑ በርቷል፣ «ክፍት ቦታ። ሁለት መኪና ይበቃል።»

አየሁ። እውነቱን ነው፣ ሰፊ ነበር። አውቶቡሱ አልፎት ሄደ።